ከላይ የታየችው ልጅ

ዓረብ አገር የሄደችው ሙጂባ ድምጿ ጠፍቶ ከርሞ ዛሬ በቪዲዮ ስትደውል፣ እናቷ ፈሂማ ሐይቅ ከተማ ቤቷ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። ሌላ ጊዜ ልጅቱ ስልኩን ፊቷ ላይ ስለምትለጥፈው ከግንባሯና ከአፍንጫዋ በቀር የሚታይ አልነበረም። ዛሬ ግን የምትታየው ከላይ ወደ ታች ነው፤ እግሯን አጥፋ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች፣ ጉድጓድ ውስጥ እንዳለ ሰው አንጋጣለች።

«እሰይ፣ ዛሬስ ሙሉሽን አየሁሽ! አፍንጫሽን ብቻ እያየሁ መልክሽን ልረሳው ነበር እኮ።»

ሙጂባ አልሳቀችም። «ደህና ነኝ እማዬ። ጥሩ ሰዎች ናቸው።»

«ብቻሽን ነሽ፣ ሆዴ?»

«ብቻዬን ነኝ» አለች፤ ዓይኗ ግን ሽቅብ ሄዶ ቶሎ ተመለሰ።

ፈሂማን ፍርሃት ፍርሃት አላት። «በይ እጅሽን ዘርጊ፣ ዱዓ ላድርግልሽ» አለችና በአንድ እጇ ስልኩን እንደያዘች ሌላውን ዘረጋች። ልጅቱ ሁለቱንም መዳፎቿን ዘረጋች። ምስሉ አልወደቀም። እንዲያውም ከላይ ቀስ ብሎ ወርዶ የተዘረጉትን መዳፎች መረመረና ተመልሶ ወደ ላይ ወጣ።

«ያ ረቢ፣ ልጄን ጠብቅልኝ።»

«አሚን።»

«ወደ ደጄ መልስልኝ።»

«አሚን።»

ዱዓው ሲያበቃ ስልኩም እንደሚዘጋ ፈሂማ አወቀች። ስለዚህ ለሞቱት ለመነች፣ ለጎረቤት ለመነች፣ ለዝናቡ ለመነች፣ ለማታውቀው መንገደኛም ለመነች። የምትለምነው ባለቀባትም ጊዜ የልጇን «አሚን» ለመስማት ብላ ከመጀመሪያው ጀመረች።