«ቀስ በል» ባዩ ሽማግሌ

«ቀስ በል…»

ደግሞ ጀመሩ።

ልብስ ሰፊዋ ጥርሷን ነክሳ አለፈቻቸው።

ሽማግሌው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው የሜዳውን ዳር ዳር ይዘው ይራመዳሉ። እሷ ትሮጣለች። ባለፈቻቸው ቁጥር ያችው ቃል ናት… «ቀስ በል።»

በል? እሷ እኮ ሴት ናት።

እርግጥ የወንድሟን ቱታ ለብሳለች፣ ኮፍያዋንም እስከ ቅንድቧ ደፍታዋለች… ግን እስከዚህ ድረስ ወንድ ትመስላለች እንዴ?

ቆይ፣ ከሥሩ ልንገራችሁ። አለበለዚያ ንዴቷ አይገባችሁም።

ሴትዮዋ አርባ አንድ ዓመቷ ነው። ቀኑን ሙሉ የስፌት ማሽን ላይ ተጎንብሳ ትውላለች። ሩጫ የጀመረችው ወገቧን ለማፍታታት ነበር… ከዚያ ያዛት። ሱስ በሉት። የሰፈሯ ሯጮች በየዓመቱ የሚሮጡት አሥር ኪሎ ሜትር አለ፤ እሱን አንዴ መጨረስ ነው ምኞቷ።

ዓመቱ ግን ጠመመባት።

መጀመሪያ ተረከዟ። ጠዋት ከአልጋዋ ስትወርድ ሚስማር የረገጠች ይመስላታል።

እሱ ሲሻላት ደም ማነስ… ደረጃ ስትወጣ ዓይኗ ይጨልማል።

ደሟ ሲስተካከል ጉልበቷ አበጠ።

ጉልበቷ ሲመለስ ጉንፋን ያዛት፤ ደረቷ ላይ ወርዶ ሦስት ሳምንት አስተኛት።

ባሏ «አንቺ ሴት፣ በሽታዎቹ ወረፋ ይዘው ነው እንዴ የሚጠብቁሽ?» አላት። ሳቀች። ሳቋ ግን ከአንገት በላይ ነበር።

ሐኪሙ እቅጩን ነገራት።

«ችግርሽ ሩጫው አይደለም፣ ጥድፊያሽ ነው። ትንሽ ሻል ሲልሽ የቀረብሽን ሁሉ በአንድ ቀን ለማካካስ ትበሪያለሽ። ውድድሩ ስምንት ሳምንት ይቀረዋል። እየሮጥሽ ማውራት ካቃተሽ ፈጥነሻል ማለት ነው። ጉልበትሽ ዳግም ካበጠ ግን የዘንድሮውን እርሺው… ምናልባትም ሩጫን።»

እሺ ብላ ወጣች። እሺ ማለት ምን ይከብዳል?

ሜዳው ላይ ስትደርስ እሺታዋ ተነነ። ገና በሁለተኛው ዙር እግሯ በራሱ ፈጠነ… ልክ ያኔ ነው ሽማግሌው ለመጀመሪያ ጊዜ «ቀስ በል» ያሉት።

አፈረች። ቀነሰች።

በሚቀጥለው ዙር ረስታ ፈጠነች። «ቀስ በል…»

ቤቷ ገብታ ባሏ ላይ ተወጣችው። «ምን አገባቸው? ደግሞ በል ይሉኛል! አንድ ቀን ኮፍያዬን አውልቄ ነው የማሳያቸው።»

«ሐኪሙ የላከብሽ ሰላይ ይሆናሉ» አላት።

ከዚያ በኋላ ዘዴ አበጀች። ሽማግሌውን ከሩቅ ስታያቸው ያችን ቃል እንዳይናገሯት ፍጥነቷን ትቀንሳለች። ሜዳው ግን ትንሽ ነው… ካለፈቻቸው በኋላ ልፍጠን ስትል መልሳ ትደርስባቸዋለች። ሳትወድ በግድ ቀስ ብላ መሮጥ ለመደች።

ስምንት ሳምንት አለፈ። ጉልበቷ አላበጠም። ተረከዟም ዝም አለ።

የውድድሩ ቀን ሰው ሁሉ ሲፈተለክ እሷ በሆዷ «ቀስ በል… ቀስ በል» ትላለች። ራሷን በወንድ አንቀጽ! ስምንተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ቅድም ጥለዋት የሄዱትን አንድ በአንድ ማለፍ ጀመረች። ትንፋሿ አለ። ጉልበቷ አለ። መጨረሻው መስመር ሲታያት እንባዋ መጣ፣ እያለቀሰችም ረገጠችው። የባሏ ድምፅ ከጩኸት ብዛት ተዘግቶ ነበር።

እኔ ራሴ ይህን ስጽፍ ልቤ እየመታ ነው።

በማግስቱ ኮፍያዋን አውልቃ፣ ሜዳሊያዋን ይዛ ሜዳው ላይ ጠበቀቻቸው።

«አባባ፣ ይሄ የእርስዎ ነው።»

«የምን?»

«ሁለት ወር ሙሉ ቀስ በል እያሉ ያስጨረሱኝ እርስዎ ነዎት።»

ግራ ተጋብተው አዩዋት። ከዚያ ትከሻቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ።

«ልጄ፣ አንቺን መች አልኩሽ? አንቺን ብልማ ቀስ በይ እል አልነበር?»

«ታዲያ… ማንን ነው?»

ሽማግሌው የሸሚዛቸውን ቁልፍ ፈቱ። ከአንገታቸው ሥር ቁልቁል የወረደ ጠባሳ ታየ። ስፌት ለእሷ እንጀራዋ ነው… እንዲህ ያለ ግን አይታ አታውቅም።

«ልቤን ነው» አሏት። «ተቀዶ ከተሰፋ አምስት ወሩ። ተራመድ እንጂ እንዳትሮጥ ተብያለሁ። እኔ ደግሞ በጉብዝናዬ ሯጭ ነበርኩ። አንቺ ሽው ብለሽ ባለፍሽ ቁጥር ይሄ ልብ ተከተላት ተከተላት ይለኛል። ቀስ በል እለዋለሁ።»

«ደግሞም» አሉ፣ ቁልፋቸውን እየመለሱ፣ «ከቤት መውጣት ፈርቼ ነበር። ወድቄ ብቀርስ እያልኩ። አንቺን በመስኮት አይሻለሁ… አንዴ እያነከስሽ፣ አንዴ እየሳልሽ፣ ትጠፊና ደግሞ ትመለሻለሽ። እሷ ከመጣች እኔስ ምን ሆኛለሁ ብዬ ነው ጫማዬን ያሰርኩት።»

ሜዳሊያውን አልተቀበሏትም። መልሰው አንገቷ ላይ አጠለቁላት።

ያን ቀን አልሮጠችም። ጎን ለጎን እየተራመዱ ሜዳውን ዞሩ። ከደስታዋ ብዛት እርምጃዋ ሳታውቀው ፈጠነ። ሽማግሌው ክንዷን ያዝ አደረጓት።

«ቀስ በይ፣ ልጄ።»

ይሄኛው የእሷ ነበር።

ወዳጆቼ… ታመን፣ አንክሰን፣ ተስፋ ልንቆርጥ ትንሽ ሲቀረን ማንም የማያየን ይመስለናል። ግን የሆነ መስኮት ውስጥ የእኛን መነሣት አይቶ ጫማውን የሚያስር ሰው አለ። ስትመለሱ በቀስታ ተመለሱ… ብቻ ተመለሱ።

እናንተስ፣ ለእናንተ ሳይባል እናንተን ያዳነ ቃል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ተናጋሪውስ ያውቃል? እስኪ ከታች አጫውቱኝ፣ አንድም ሳላስቀር አነባለሁ።