እህቴ የማትሸነፍበት ጨዋታ

ሰው ሲሞት የጌም አካውንቱ በሟቹ ዓመልና ድምፅ መጫወቱን እንዲቀጥል ከተፈቀደ ወዲህ፣ እናቴ ከሟች እህቴ ከኤዶም ጋር በየቀኑ የመኪና ውድድር ትጫወታለች።

እኔ አዳዲስ ጌሞችን እየሞከርኩ በኢንተርኔት አስተያየት የምሰጥ ሰው ነኝ። የዚህ ውድድር አዲስ አፕዴት ሲወጣ ከማንም ቀድሜ ጫንኩት።

"ስዕሉ እንዴት እንደሚያምር አሁን ታያለሽ፣ እማዬ" አልኳት።

ኤዶም በመጀመሪያው ዙር እናቴን ጥላት ሄደች። በሁለተኛውም እንደዚያው።

"መጨረሻው ላይ ፍሬን ትይዝልኝ ነበር" አለች እናቴ ቀስ ብላ፣ "እኔ እንዳሸንፍ ብላ።"

ለካ አፕዴቱ ያንን እንደ ስህተት ቆጥሮ አርሞታል። ወደ ድሮው ልመልሰው ብሞክር እምቢ አለኝ።

እናቴ ጆይስቲኩን አስቀመጠች።

"ሌላ ተጫዋች ልፈልግ?" አለች ኤዶም፣ በዚያው በምናውቀው ድምጿ።