ሰላምታ የማይሰጥ ድምፅ

ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ በታይፒንግ ከተማ ኮረብታዎች ላይ ቀኑን ሙሉ አርግዞ የዋለው ደመና ድንገት ተቀደደ፤ ዝናቡም በቆርቆሮው ጣሪያ ላይ እንደ ተደፋ ጠጠር ወረደ።

ረምላህ መስኮቶቹን ዘጋች። ያስፈራት ግን ዝናቡ አልነበረም፤ ዝናብማ የከተማዋ ሁለተኛ ስም ነው። ያስፈራት ከአጥሩ ጀርባ ያለው፣ ባለቤቷ ጠዋት የነካው አሮጌ የወሊይ፣ የአንድ ቅዱስ ሰው መቃብር ነበር።

ባሏ ሻምሱሪ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሁለት ፍቅር ነበረው፤ የኦርኪድ አበቦቹና የከተማው ቅርስ። ከቅርስ ማኅበሩ ሰዎች ጋር አረም የዋጣቸውን የጥንት መቃብሮች ያጸዳል። ዛሬ ግን ብቻውን ሄዶ፣ ከአጥሩ ጀርባ ባለው፣ ለክብሩ ቢጫ ጨርቅ በለበሰው መቃብር ላይ የተንሰራፋውን የከምቦጃ አበባ ዛፍ ከረከመው። ፈቃድ አልጠየቀም።

ምሳ ላይ ሩዙ ከቀኝ እጁ እየፈሰሰ አስቸገረው።

«እጄ ደነዘዘ» አለ።

«ዛፉን በየትኛው እጅህ ነው የቆረጥከው?»

«በዚሁ።»

«ይኸው! ወሊዩን ሳታስፈቅድ አትንካ አላልኩህም?»

«ወሊዩ ቁጡ ቢሆን ኖሮ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ያንቺን ጭቅጭቅ በአጥር እየሰማ ዝም ይል ነበር?»

ሳቀ። ሳቁ በአፉ አንድ ጎን ብቻ ስለነበር ረምላህን አናደዳት፤ የፌዝ መሰላት።

አመሻሹ ላይ፣ ዝናቡ ሳይጀምር፣ «ማኅበሩ ስብሰባ አለው፤ ከማታው የዒሻ ሶላት በኋላ እመለሳለሁ» ብሎ፣ በጓሮ በኩል ኦርኪዶቹን እያየ ወጣ።

የጀምበር መጥለቂያው ሶላት፣ መግሪብ፣ ሲቃረብ ድምፁ መጣ። መጀመሪያ ከአትክልቱ፣ ቀጥሎ ከደረጃው አጠገብ፣ በመጨረሻም በምሰሶዎች ላይ ከቆመው ቤቷ ወለል ሥር። አንድ ነገር በጭቃው ላይ ይጎተታል። ጣውላውን ይቧጥጣል። ከዚያም ከታነቀ ጉሮሮ የሚወጣ ጩኸት አሰማ፤ «ረ... ረም...»

ስሟን ያውቃል።

የሠፈሩ ሰው ሁሉ ከእናቱ ጡት ጋር የጠባው ሕግ አለ፤ ጀምበር ስትጠልቅ ሰላምታ ሳያስቀድም ለሚጣራ አቤት አይባልም። ጋኔን የሰው ስም ይጠራል፤ የሰው ድምፅ ይሰርቃል፤ «አሰላሙ አለይኩም» ማለት ግን አይሆንለትም።

«ሰው ከሆንክ ሰላምታ ስጥ!» ብላ ወደ ወለሉ ጮኸች።

መቧጠጡ ቆመ። ከዚያም እንደሚታረድ ከብት ያለ ማጓራት ተሰማ፤ ቃል የሌለው፣ ልሳን የሌለው።

በጣውላዎቹ ስንጥቅ ጋኔን የሚያባርረውን ጨውና ቁንዶ በርበሬ በተነች፤ የታችኛውም ነገር አቃሰተ።

ከአጥሩ ማዶ ጎረቤቷ ሌቹሚ መስኮቷን ከፈተች። «እትዬ ረምላህ! ውሻዬ ወደ እናንተ ቤት እየጮኸ ሊያብድብኝ ነው። ጃንጥላ ይዤ ልምጣ?»

«እንዳትወጪ! በልጆችሽ ይዤሻለሁ፣ እንዳትወጪ!»

«ምንድን ነው እሱ?»

«ባሌ የቆሰቆሰው ነገር ነው። ዝጊ!»

«ጋሽ ሻምሱሪ ከኦርኪድ ሌላ የሚቆሰቁሱት ያላቸው አልመሰለኝም ነበር» አለች ሌቹሚ። መስኮቱን ግን ዘጋችው።

ረምላህ ምንጣፏ ላይ ተደፋች። ከክፉ የሚጠብቀውን የቁርኣን አንቀጽ፣ አያተል ኩርሲን ደጋግማ ቀራች፤ ወለሉ በተንኳኳ ቁጥር ድምፅዋን ከፍ አደረገች። ለራሷ ሕይወት አልሳሳችም። የሳሳችው ጨለማውን እያቋረጠ ወደዚህ ነገር ለሚመጣው፣ ፌዘኛና ደግ ለሆነው ሰውዋ ነበር።

«ጌታዬ ሆይ» አለች፣ «ይህ ነገር እስኪሄድ ድረስ ባሌን ከደጅ አቆይልኝ። በሩን እንዳይረግጥ አድርግልኝ።»

ማንኳኳቱ እየሳሳ፣ እየራቀ ሄደ። የዒሻ አዛን ሲሰማ ዝናቡ አባራ፤ ከወለሉ ሥር ትንፋሽ እንኳ አልቀረም። ረምላህ እንባዋን ጠርጋ «አልሐምዱሊላህ» አለች። ሻምሱሪ እንዳይደናቀፍም የደረጃውን መብራት አበራች።

ያን ጊዜ ሌቹሚ ውሻዋን ተከትላ፣ ባትሪ ይዛ ወደ ግቢው ገባች። ጎንበስ ብላ ከቤቱ ሥር ተመለከተች። ባትሪው ከእጇ ወደቀ።

«እትዬ ረምላህ» አለች፤ «ውረጂ... ቀስ ብለሽ ውረጂ።»

ከወለሉ ሥር የሞተው ሻምሱሪ ነበር፤ አፉ ወደ አንድ ጎን ተጣሞ፣ ቀኝ እጁ ከጎኑ ተዝለፍልፎ፣ ፊቱ ላይ ጨውና ቁንዶ በርበሬ ተበትኖ።