ከቋጠሮው በታች

ልብስ ሰፊው ቀዩን አበባ በጀርባው ሊከልል ሞከረ፤ ጽጌረዳዋ ግን ከሱ ትረዝማለች። ሚስቱ የግቢውን በር ከፍታ ገብታ ሻንጣዋን ደጃፉ ላይ አስቀመጠች። ሦስት ወር ሙሉ የወለደች ልጃቸውን ስታርስ ቆይታ መመለሷ ነው።

ስትሄድ አደራ ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የእናቷን ጽጌረዳ። እናቷ ካረፉ ወዲህ ከእናት ቤት የቀራት ይህች ቢጫ አበባ ናት። እሱም አደራ የሚበላ ሰው አይደለም፤ ጠዋት ማታ አጠጥቷል። ብቻ ምን ያደርጋል፣ ቢጫዋ ዓይኑ እያየ ቀይ ሆና ቁጭ አለች።

መጀመሪያ ፀሐይ ነው ብሎ ነበር። ዕድሜውን ከጨርቅ ጋር የኖረ ሰው ነውና ቀለም በፀሐይ እንደሚገረጣ ያውቃል፤ ሲቀላ ግን አላየም። አፈሩ ይሆናል ብሎ አፈር ጨመረላት። ይባስ ብላ ፍም መሰለች።

ገና ሳትጠይቀው፣ ምንም አላደረግኩም አላት። ትኩር ብላ ስታየው ግን አልቻለም፤ ከላይ ያሉትን ቀጫጭን ቅርንጫፎች በቢላ መቁረጡን፣ ከሥር የወጡትን ወፋፍራሞቹን መተዉን ተናዘዘ። የተንጠለጠለ ክር ካየ ሳይበጥስ የማያድር ሰው ነው።

ሚስቱ ተንበረከከችና የግንዱን ሥር በእጇ ጫር ጫር አደረገች። ጡጫ የሚያህል ቋጠሮ ብቅ አለ።

«ና እስቲ እይ» አለችው። «ከዚህ በላይ እማዬ ናት። ከዚህ በታች አንተ ነህ።»

አልገባውም። በተጋቡ ዓመት በቆርቆሮ ተክሎ ቀይ ጽጌረዳ አምጥቶላት እንደነበር አስታወሰችው፤ የትናንት ራቱን የሚረሳ ሰው ይህን ከየት ያስታውሰው። የእናቷ ቢጫ በዚህ አፈር አልጸድቅ ሲላት የሱን ቀይ ግንድ ሰነጠቀች፣ የእናቷን ቢጫ ቀንበጥ ሰካችበት፣ ከሱ ጠረጴዛ ሥር ባነሳችው ብጣሽ ጨርቅም ጠፍራ አሰረችው። ቢጫዋ የኖረችው በቀዩ ሥር ላይ ነው። ቀዩ ግን በየዓመቱ ከታች እየወጣ ሊውጣት ይላል፤ እሷም አንዴ አብቦ እስክታየው ትጠብቅና ትቆርጠዋለች።

«እና ደካማ ብለህ የቆረጥከው እማዬን ነው» አለች። «ያሳደግከው ራስህን።»

ልብስ ሰፊው ዓይኑ እንባ አቀረረ። «እናትሽን ሁለተኛ ገደልኩብሽ» አላት።

እሷ ግን ቀያዮቹን ቅርንጫፎች ገለል አድርጋ ከቋጠሮው በላይ ፈለገች። በስተጀርባ፣ ቢላው የሳታት፣ ከጣት የማትረዝም አንዲት ቀንበጥ ነበረች፤ ሁለት ቅጠል አላት።

«እግዜር ሳይደግስ አይጣላም» አለች ሚስቱ። «መቀስህን አምጣልኝ።»

ወረቀት እንኳ እንዳይቆረጥበት ቆልፎ የሚያስቀምጠውን የጨርቅ መቀሱን አውጥቶ አመጣላት። ቀያዮቹን ከቋጠሮው ሥር አንድ በአንድ ስትቆርጥ እሾሁን ችሎ ያዘላት። በመጨረሻ ትልቁን አበባ መርጣ፣ ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ ወደ ቤት ገባች፤ ከስፌት መኪናው አጠገብ ያለችውን የሻይ ብርጭቆ ውሃ ሞልታ አበባውን አቆመችበት።

ልብስ ሰፊው በሩ ላይ ቀረ። ብርጭቆዋ በየዓመቱ እዚያው ነበረች፤ ቀይ አበባም ነበረባት። እሱ ከጎረቤት የመጣ እየመሰለው፣ ጎረቤቲቱን ሠላሳ ዓመት ሲያመሰግናት ኖሯል።