ድርቤ የምታመላልሰው ቃል

ጃራን ያንገሸገሸው የሐኪም ቤቱ የመድኃኒት ሽታ አይደለም፤ የዘመድ አዝማዱ ፊት ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከነቀምቴ ገበያ ሲመለሱ ጎራ ይላሉ። እሱ ከተከለለበት የሽቦ አጥር ማዶ ይደረደራሉ። ከዚያ አፋቸውን ማር አድርገው፣ «ጃራ፣ አከም ጅርታ? ደኅና ነህ?» ይሉታል።

እሱ ምን ይሆናል? ሊሞት ያለው አባቱ ዋቅወያ ነው! አንድም ሰው ግን ዋቅወያ የተኛው የትኛው ክፍል ነው ብሎ አንገቱን አያዞርም። ሁሉም ጃራ ላይ አፍጥጦ ቆሞ፣ ጨዋታው አልቆበት ይሄዳል። ኤጭ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ጃራ ጫካ ቀፎ ሰቅሎ ከሳምንት በኋላ ቤቱ ሲመለስ የአባቱ አልጋ ባዶ ነበር። በር ላይ የጠበቀችው ጨለለቂ መንደር የተዳረችው እህቱ ድርቤ ናት።

«አባባን የሳምባ በሽታ ይዞት ሐኪም ቤት አስገባነው። አንተም አብረኸው ስለምትኖር ትመረመራለህ» አለችው።

ለራሱ ቢሆንማ በገመድ ጎትተው አያስገቡትም ነበር። ለአባቱ ሲባል ግን ያንኑ ቀን ሄደ። በሽታው ተላላፊ ነው፣ አርባ ቀን ለብቻህ ትቀመጣለህ፣ ከሽቦው አታልፍም፣ ማንም አይጠጋህም፣ አባትህም ጋ አትገባም ተባለ። ተቀመጠ።

ሆዱን የሚበላው ሌላ ነው። ከአባቱ ጋር ተጣልተው ነው የተለያዩት። ዋቅወያ «ዘንድሮ ጫካ አትሄድም፣ አርፈህ ተቀመጥ» ቢለው፣ «አርጅተህ ፈሪ ሆነሃል!» ብሎ ሰድቦት ነው የወጣው። አሁን ሽማግሌው በዚያ ስድብ ላይ ሊሞትበት ነው። አባቱ ሳይመርቀው የቀረ ልጅ ምን ፊት አለው?

ስለዚህ ቃል ይልካል። ቃል የምታመላልሰው ድርቤ ናት። ከሽቦው ማዶ የነገራትን ይዛ በሐኪም ቤቱ ጥግ ትታጠፋለች፤ ጥቂት ቆይታ መልስ ይዛ ትመጣለች። «በላ» ትለዋለች። «ሰላም በሉት አለ» ትለዋለች። መልሱ ሁልጊዜ ቶሎ ይመጣል፤ ሁልጊዜም ጣፋጭ ነው። ዋቅወያ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ ጣፋጭ ነገር ተናግሮ አያውቅም!

ጃራ ጠረጠረ። ሽማግሌው ሞቷል፤ እነዚህ ጅቦች መርዶውን ደብቀው መሬቱን እየተቀራመቱ ነው።

ጥርጣሬውን ያባሰው ደግሞ የባቻ መምጣት ነው። ባቻ ማለት በድንበር ጠብ ሦስት ዓመት ሙሉ ጭቃ ሹሙም ዳኛውም ያላስታረቁት ጎረቤታቸው ነው። ከሽቦው ማዶ ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ።

«ጃራ ወንድሜ፣ የበደልኩህን ይቅር በለኝ። እኔም ይቅር ብዬሃለሁ።»

«አሃ! ሽማግሌው አፈር ሳይቀምስ ድንበሩን ልትገፋ? አንተ ጅብ!» ጃራ ምራቁን ጢቅ አደረገበት። ምራቁ ግን ሽቦው ጋ እንኳ አልደረሰም።

ባቻ እኮ ነው! በአንድ ስድብ ዱላ የሚያነሳው ባቻ! ዓይኑን በጋቢው ጠርጎ፣ «ስደበኝ፣ ግዴለም። ብቻ ይቅር በለኝ» አለ። ጃራን ሊያስመልሰው ምንም አልቀረውም።

የሐኪም ቤቱ ድሬሰር መሸሻም ከነሱ አይሻልም። ለሌላው ሽሮ፣ ለጃራ ወተትና እንቁላል። ጠዋት ጠዋት ደግሞ መርፌ፤ «እንዳይብስ ነው» እያለ።

«እኔን ምን ታደልባላችሁ? ለአባቴ ስጡት!»

«አባትህ አልራበውም፤ አንተ ብላ» ይለዋል መሸሻ፣ ዓይኑን ሳያነሳ።

ታዲያ ማደለቡስ የታለ? ሱሪው በገመድ ካልታሰረ አልቆም ብሎታል። የሐኪም ቤት ምግብ መቼ ሰው ያደርጋል!

ዛሬ ድርቤ ስትመጣ ከአልጋው ተነስቶ፣ መንገድ ላይ ድንጋይ ላይ አረፍ ብሎ፣ ሽቦው ጋ ደረሰና ጮኸባት።

«አባባ ሞቷል፣ አይደል?»

«ኧረ በዋቃ! አልሞተም!»

«እንግዲያው ጠይቂው። ልጅ ሆኜ ቀፎ ስንሰቅል ከዋንዛው ላይ የወደቅኩ ቀን ምን ብሎ አባበለኝ?»

ሄደች። ዛሬ ትንሽ ቆየች። ስትመለስ ግራ ተጋብታ ነበር።

«‹የምን ማባበል? ቀፎውን ስለሰበረብኝ በጥፊ ነው ያጮልኩት› አለ።»

ጃራ ሳቀ። ጎኑን ይዞ፣ ትንፋሹ እስኪቆራረጥ ሳቀ። ጫካው ውስጥ ያን ቀን ሁለቱ ብቻ ነበሩ፤ ይሄንን ድርቤ ልትፈጥረው አትችልም። አባቱ አለ!

ወዲያው ንዴቱ ተመለሰ። «ካለ ታዲያ ምን አባታችሁ ሆናችሁ ነው የምትደብቁኝ? በመስኮት አሳዩኝ! ከሩቅ! ፊቱን ብቻ!»

«አይቻልም፣ ኦቦሌሳኮ፣ ወንድሜ።»

«አይቻልም፣ አይቻልም! አንቺም እንደነሱ ነሽ፣ ታስጠሉኛላችሁ!» ሽቦውን ይዞ ተደገፈ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ድርቤ፣ እንግዲያው ይሄን ንገሪው። ሰድቤዋለሁ፤ አጥፍቻለሁ። ይቅር ይበለኝና ይመርቀኝ። ሳይመርቀኝ እንዳይሞት!»

ድርቤ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች።

«ደግሞ ታለቅሺብኛለሽ? በቁሙ ሰው ይለቀሳል? ሂጂ፣ ንገሪው!»

ድርቤ በቤቱ ጥግ ታጥፋ በዋናው በር ወጣች። ከባሕር ዛፉ ሥር የቆመው ዋቅወያ የበቅሎውን ልጓም ጥሎ ወደሷ ሮጠና፣ «ሐኪሙ ለልጄ ስንት ቀን ቀረው አለሽ?» አላት።