ንብ የገባበት ፒያኖ

አታምኑኝም እንጂ፣ ደብረ ታቦር ውስጥ ንብ የገባበት የሚመስል ፒያኖ ነበር። «ውሸት ነው» የምትሉ እስቲ እጃችሁን አውጡ። አወጣችሁ? በሉ አውርዱና ስሙ።

ፒያኖው የወጣት ማዕከሉ ነው፤ አሮጌ፣ በእርዳታ የመጣ። እሁድ በእንግዳ ፊት የምትጫወትበት እየሩስ ናት። እናቷ ዘርትሁን ከዓረብ አገር ከተመለሰች ገና ወሯ ነው፤ ልጇን ለማሰማት ከእብናት ድረስ ዘመድ ጠርታለች።

እየሩስ ሦስት ቀን ፈተና ላይ ከርማ ሐሙስ መጣችና አንዱን ቁልፍ ነካች። ዝዝዝዝ። ሌላውን ነካች። ዝዝዝዝ።

አስተማሪዋ ምናለ ፒያኖውን አላየም። እሷን ነው ያየው።

«ምን አደረግሽው?»

«እኔ ምንም።»

«ባለፈው ጫማዬ ውስጥ እንቁራሪት የከተተውም ምንም ነው።»

እውነቱን ነው፤ እንቁራሪቷ የእየሩስ ሥራ ናት። የተሰፋው የኮት እጅጌም።

ጥግ ላይ በገና የሚያስተምሩት ጋሽ ባዩ ቀና አሉ። «ኧረ ምን ሆነ? ያማረ ድምፅ ነው እኮ።»

«እርስዎ ደግሞ ይሸፍኑላት» አለ ምናለ፣ ክዳኑን እያነሳ።

ፒያኖ ከውጭ ሳጥን ነው፤ ውስጡ ግን የሽቦ ክር ብቻ። እንደ ክራር ክሩን በጣት አይነኩትም። ቁልፉን ሲጫኑት ሱፍ የለበሰች ትንሽ መዶሻ ከውስጥ ብድግ ትልና ክሩን ኳ አድርጋ ትመለሳለች። ጣት ሲነሳ ደግሞ ሌላ ሱፍ ክሩ ላይ ተኝቶ ዝም ያሰኘዋል።

አሁን ግን ከየክሩ ሥር ቁራጭ ቆዳ ተሸጉጧል። ጥፍር የምታክል፣ በወግ የተቆረጠች፣ አንዷ ካንዷ የማትበልጥ። መዶሻዋ በመታች ቁጥር ክሩ ቆዳውን እየነካ ይነዝራል።

የማዕከሉ ልጆች ከበው ቆሙ።

«ሰው ለተንኮል እንዲህ ይደክማል?» አለ ምናለ።

እየሩስ አንዷን ቆዳ አውጥታ አገላበጠቻት። ከዚያ ዞር ብላ የጋሽ ባዩን በገና አየች። 

«እሺ» አለች ኋላ። «እኔ ነኝ።»

«አውቄ ነበር። እንግዲያው እሁድ የለሽበትም። ለእናትሽም አንቺው ንገሪያት።»

የእየሩስ ዓይን እንባ አቀረረ። «እኔ ነኝ» ያለችውን ግን አልካደችም።

ጋሽ ባዩ በገናቸውን አስቀምጠው ተነሱ። «አንቺ ልጅ፣ በገና ከክሩ ሥር ቆዳ ከሌለው መች ይነዝራል? ፈረንጅ ቆዳውን ረስቶ የላከውን ይህን ትልቅ በገና ሦስት ቀን ወገቤ እስኪቆረጥ ጎንበስ ብዬ ባበጀሁት፣ ‹እኔ ነኝ› ትያለሽ? እናንተም ለሰማውም ላልሰማውም ንገሩልኝ፤ የባዩ እጅ ነው በሉ።»