ከባዱ አረር

በአፈሙዙ የሚጎርስ አሮጌ ጠመንጃ ያነገተው አዳኝ አንጥረኛው ቤት ቆሞ ያመነታል። በአንድ መዳፉ ትንሿን ድብልብል አረር፣ በሌላው ረጅሙንና ከባዱን ይዟል።

“በትንሿ የመታሁት ድኩላ ባለፈው ቆስሎ አመለጠኝ” አለ።

“እሷማ ሥጋ ውስጥ ትቀራለች። ከባዱ ግን በስቶ ይወጣል። እሱን ውሰድ!” አለው አንጥረኛው።

“ከወዲያ ማዶ ሆኖ ድኩላውን ወደኔ የሚያባርርልኝ ይመኑ ነው እኮ፣ ጋሼ።”

“ወንድሜ ይመኑ ሞኝ መሰለህ እንዴ? ዛፍ ተከልሎ ነው የሚጮኸው” ብሎ አንጥረኛው ተቆጣ። “እንደ ወጉ፣ አረሩን ካገኘኸው መልስልኝ፤ አቅልጬ ሌላ እሠራበታለሁ።”

አዳኙ ከባዱን ለጠመንጃው አጉርሶ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ብቻውን ተመለሰ። ጠመንጃውን አልያዘም። አንጥረኛው ገና ከሩቅ ሲያየው ወናፉን ትቶ ተነሣ።

“እህ፣ በስቶ ወጣ?”

“ወጣ፣ ጋሼ።”

“አላልኩህም! አረሩስ?”

አዳኙ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አቀበለው። አንጥረኛው በእጁ መዘነውና ግራ ተጋባ።

“ድኩላውን በስቶ ከወጣ፣ ይሄን የት አገኘኸው?”

አንጥረኛው ጨርቁን ፈታው። ጨርቁ ከይመኑ ጋቢ የተቀደደ፣ ደም የነካው ጥለት ነበር።